ተስማሚው ወንድይራድ

የጮራ ኮምፒውተር ፋብሪካ ሦስተኛውን ሞዴል በሚሠራበት ዓመት፣ የየውብዳርን ባል ወንድይራድን አብሮ ሠራው። ዋናው ወንድይራድ አልጠፋም፤ ከግድግዳው ማዶ ሥራው ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጮራ አንድ ለአሜሪካው አይቢኤም ኮምፒውተር ከተጻፈው ፕሮግራም ግማሹን ይቀበላል፣ ግማሹን አላውቅህም ይላል። ጮራ ሁለት ሁሉንም ይቀበልና መሃል ላይ ድርቅ ይላል። ደንበኛ ደግሞ ዲስኬቱን ከትቶ ሥራውን መሥራት እንጂ የማሽን አመል መቻል አይፈልግም። ስለዚህ ጮራ ሦስት ቁርጥ አይቢኤምን እንዲመስል ተወሰነ፤ እንዲህ ያለው ማሽን በፋብሪካው ቋንቋ «ተስማሚ» ይባላል። መቅዳት ግን በሕግ ያስከስሳል።

የተገኘው መላ ሥራውን በሁለት ክፍል መለየት ነበር። የአንደኛው ክፍል ሰዎች ዋናውን ማሽን እያዩ «ይህን ሲሉት ይህን ይመልሳል» ብለው በወረቀት ይጽፋሉ። የሁለተኛው ክፍል ሰዎች ዋናውን በዓይናቸው ሳያዩ ከወረቀቱ ብቻ ይሠራሉ። በመሃል አንዲት መስኮት አለች፤ እዚያ የፋብሪካው ጠበቃ አቶ ልሳነወርቅ ማኅተም ይዘው ይቀመጣሉ። ማኅተም ያልተመታበት ቃል ከክፍል ወደ ክፍል አያልፍም፤ ሁሉም ፈርመዋል።

ወንድይራድ አንደኛው ክፍል ነው፣ የውብዳር ሁለተኛው። ፊርማው ቤትንም ይጨምራል። ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ገበታ እየቀረቡ ጨው እንኳን በጣት እየተጠቋቆሙ ተቀባበሉ። ሰው ናቸውና አንገበገባቸው። በመጨረሻ ወንድይራድ አላስችል አለውና ስለ ራሱ አርባ አንድ ገጽ ጽፎ ከሌላው ወረቀት መሃል ጨመረው። «ደከመህ ሲሉት፣ ምንም አልል ይላል። ሚስቱን ሲበርዳት፣ ሳትጠይቀው ካፖርቱን ያለብሳታል።» አቶ ልሳነወርቅ አጻጻፉ ደንቡን የጠበቀ ስለሆነ ማኅተም መቱበት። የውብዳር ስለ ማን እንደተጻፈ ከመጀመሪያው መስመር ዐወቀች። ደስ አላት፣ አለቀሰችም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን ይሠራል እንጂ አይቀመጥም። ሠራችው።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሠራችው ወንድይራድ ካፖርቱን እንደለበሰ ከሥራ ጠረጴዛዋ አጠገብ ተነሣና «ምሳ በላሽ?» አላት። ስምንት ወር ያልሰማችው ድምፅ ነው።

«አልበላሁም» አለችው።

አቶ ልሳነወርቅ መጥተው አዩት፤ አልተገረሙም።

«ደንቡ አንድ ነው» አሉ። «ተስማሚው ፈተናውን ካለፈ፣ ዋናው ታሽጎ ወደመጣበት ይመለሳል።»

«የመጣው ከቤቴ ነው።»

«ለዋናው ማሽን በተዘጋጀው የመመለሻ ፎርም ላይ ያለው ባሕር ማዶ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለውም።»

«ቢወድቅስ?»

«ይፈርሳል፤ ባልዎም ቤቱ ይገባል። ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። መልሳቸው ከተለያየ ወድቋል። ግን ልብ ይበሉ፤ ከወረቀቱ ውጪ የመለሰ ፊርማውን አፍርሷልና ይታሰራል፣ ፋብሪካውም ይዘጋል።»

ሁለቱ ወንድይራዶች ከመስኮቷ ወዲህና ወዲያ ቆሙ።

«ደከመህ?»

«ምንም አልል» አሉ ሁለቱም።

«በረደኝ።»

ሁለቱም ካፖርታቸውን አወለቁ።

የውብዳር ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አያውቀውም ብላ ይዛው ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት የሞተች ልጅ ወልዳለች። ስሟን የሚያውቁት እሷና ባሏ ብቻ ናቸው።

«ልጃችንን ማን ልንላት ነበር?»

«እሱ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ ተስማሚው፣ ወዲያው።

የውብዳር ወደ ማዶ አየች። ዋናው ወንድይራድ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከኋላው ስልሳ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«እባክህ» አለችው። «ብትታሰር እጠይቅሃለሁ፣ ስንቅ አመላልስልሃለሁ።»

ወደ ሠራተኞቹ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ማኅተሙን መቱ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ዋናው ወንድይራድ የገባበት ሣጥን በምስማር ተመታ፣ መኪና ላይ ተጫነ። የውብዳር ሣጥኑን አቅፋ አልለቅም ብትል ሁለት ዘበኞች ጎትተው አወረዷት። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ድምፅ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ሶስና። ሶስና ልንላት ነበር።»

የውብዳር መኪናውን ተከትላ እስከ ዋናው መንገድ ሮጠች፤ አልደረሰችበትም። ብርድ ብርድ አላት። ወዲያው ከኋላዋ ካፖርት ተደረበላት። ዞር ስትል ተከትሏት የመጣው ተስማሚው ባሏ በሸሚዝ ቆሞ፣ አንዲት ወረቀት መዳፉ ላይ ዘርግቶ የልጅቱን ስም ይጽፋል።