ወደ ኋላ መውደቅ

ትንሿ እንዲህ አለች፦ እህቴ አጨበጨበች፣ ወደቅኩ፣ አልያዘችኝም፤ ሆን ብላ ነው። ትልቋ ደግሞ፦ እኔ አላጨበጨብኩም፤ ፀጉሬን እያሰርኩ ነበር፤ ቀና ስል መሬት ላይ አገኘኋት።

ሁለቱም ይምላሉ። የትንሿ ግራ ክንድ ከትናንት ጀምሮ በጄሶ ተጠቅልሏል። መካኒኩ አባታቸው የሥራ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ነበር ወደ ሰርከስ አዳራሹ የመጣው።

ልምምዱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ትንሿ ከፍ ባለ የእንጨት ሳጥን ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ትልቋ ከታች ሆና አንድ ጊዜ ታጨበጭብና ክንዶቿን ትዘረጋለች። ትንሿ ያን ስትሰማ ሳትዞር ወደ ኋላ ትወድቃለች።

«ክረምቱን ሙሉ ከላይ የምቆመው እኔ ነኝ እየተባባሉ ቤቱን አመሱት» አለ አባትየው። «ትልቋን ይዣት እሄዳለሁ። እህቷን የምትጥል ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ትልቋ አላለቀሰችም። ጫማዋን ብቻ ታያለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩ። «ስልኬ ላይ ቪዲዮ አለ።» ስልኩን ወንበር ላይ አቁሜ የቀረጽኩት ኳስ የሚያንቀረቅቡትን ልጆች ስለነበር እስከዚያች ደቂቃ ትዝ አላለኝም።

አራታችንም አጎነበስን። ኳሶቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከበስተጀርባ ትንሿ ሳጥኑ ላይ ቆማለች፤ ትልቋ ክንዶቿን አንስታ ፀጉሯን ታስራለች። ከዚያ ጥርት ያለች አንዲት ጭብጨባ ተሰማች። ኳሶቹ ሁሉ ቆሙ። ትንሿ ወደ ኋላ ተለቀቀች። የትልቋ እጆች አሁንም አናቷ ላይ ናቸው።

«ታዲያ ማነው ያጨበጨበው?» አለ አባትየው።

በምስሉ ጠርዝ ላይ የሚታየው የሹራቤ እጅጌ ነው። ኳስ የሚያንቀረቅቡትን ለማስቆም ሁልጊዜ አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ። ሁለቱንም ምልክት ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ አንድ መሆናቸውን ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አባትየው ሳጥኑን ተደገፈ። «እኔ ጋራዥ ውስጥ ለሁለት መኪና አንድ ዓይነት የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ባዘጋጅ በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር፣ መምህር» አለኝ። ወደ ትልቋ ዞረ። «በይ የኔ እናት፣ አጥፍቻለሁ። ከፈለግሽ ቆዪ።»

ትንሿ በደህናው እጇ የእህቷን እጅጌ ያዘች። «አንቺ መስለሽኝ ነው እኮ። ጄሶው ሲፈታ እንደገና እንሠራዋለን፣ እሺ?»

ትልቋ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«እዚሁ እቆያለሁ» አለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «ያጨበጨበው መምህር ነው፣ ገባኝ። ሆን ብላ ነው ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይያዝሽ።»