የፊደል ተራ

እህቴ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሰው ናት። ሥራዋ ምንድን ነው ብለው ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ «ታስባለች» እላቸዋለሁ፤ «እኛስ?» ይሉኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሷ ላብራቶሪ የላትም፤ ወረቀት፣ ጠመኔና የሚሰማት ሰው ይበቋታል። የሚሰማት እኔ ነኝ። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እየጻፈች ታስረዳኛለች፤ ፊቴ ግር ሲለው ካየች «እዚህ ጋ እኔም በደንብ አልገባኝም ማለት ነው» ብላ ታጠፋዋለች። እንዲህ ስሰማት፣ መጻሕፍቷንም እየተዋስኩ ሳገላብጥ፣ ጥቂት ጥቂት ገባኝ።

ዕድሜዋን የፈጀችበት ጥያቄ አንድ ነው። ሙቀት፣ ውኃ ላይ እንደወደቀ የቀለም ጠብታ፣ ቀስ እያለ የሚሰራጭ ነገር ነው። እሷ ግን እጅግ በቀዘቀዘ አንድ ዓይነት ክሪስታል ውስጥ እንደ ሞገድ ሊጓዝ ይችላል አለች፤ ብላም አልቀረች፣ በስሌት አሳየች። ከሰርግ ቀርታ፣ ለልቅሶ አርፍዳ የሠራችው ነው።

እህቴ የምትሠራበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ኃላፊ አንድ ፕሮፌሰር ነው። ተማሪዎቹ «መቅድም» ይሉታል፤ ከማንም ጽሑፍ ፊት ስለማይጠፋ። የእህቴን ሥራ አነበበ፣ ነጠላ ሰረዝ ጨመረ፣ ስሙን አስገባ፤ አልበቃ ብሎት የምክትሉንም አስገባ። በነሱ ሙያ የጸሐፊዎች ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው፤ ማን እንደለፋ፣ ማን እንደተቀመጠ አይታይም። የሱ ስም በ«ሀ» ይጀምራል፣ የሷ በ«ወ»። ሰው ሥራውን ሲጠቅስ ደግሞ ፊት ያለውን ስም ጠርቶ «እና ሌሎች» ብሎ ያልፋል። የቀድሞ ሥራዎቿም የሚጠሩት እንዲሁ ነው። እህቴ ብቻዋን እየሠራች «ሌሎች» ሆና ኖረች።

ጽሑፉ ሊታተም ሲል እንግዶች የተጠሩበት ጉባኤ ተደረገ። አቅራቢው መቅድም ነው። እኔም ሄጄ ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩ። ሰውየው ሰሌዳውን በስሌት ሞላው፤ ሲጨርስ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት እንግዳ እጃቸውን አወጡ። በዚህ አያያዝ ሞገዱ መክሰም ሲገባው እየገነነ ይሄዳል፣ ክሪስታሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዳለ ይፈላል ማለት ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እህቴ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች። ሥራው በዚያ ሳቅ ከቀረ፣ ዳግመኛ ማንም ገልጦ አያየውም።

መቅድም ሰሌዳውን ትንሽ አየና ዞሮ ፈገግ አለ።

«ይህችን ያሰላችው ረዳቴ ናት። የወጣት ነገር፣ ችኮላ ነው።»

የእህቴ ጸጉር ሸብቷል። ስሙ የሱ፣ ስህተቱ የሷ! ደሜ ፈላ፤ ወንበሬን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

እሷ ግን ተነሳች። ወደ ሰሌዳው ወጥታ አንዲት የመቀነስ ምልክት አስገባችና ለአዛውንቱ ነገረቻቸው። «ወረቀቱ ላይ ምልክቱ አለ። እዚህ የዘለሉት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ ስላልሠሩት አያውቁትም። ስሌቱ የኔ ነው።»

በሳምንቱ ምክትሉ አንድ ባልደረባ አስከትሎ ሊያስታርቅ ሱቄ ድረስ መጣ፤ እህቴም እዚያው ነበረች። ፕሮፌሰሩ ደም ግፊታቸው ተነስቷል፣ ታላቅን በሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው፣ ይቅርታ ትጠይቅና ጽሑፉ እንዳለ ይታተም አሉ። እሷንስ ያዋረዳት ጓዳ ገብቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እንዳልሰሙ ሆነው አለፉኝ።

«እህቴ፣» አላት ምክትሉ፣ «የሳቸው ስም የቀደመው በፊደል ተራ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

«መቅደሙን መች ከሰስኩ? መኖሩን ነው እንጂ። ያንተም ያው ነው፣» አለችው።

ለቁጣዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሁለቱ ስሞች ግን ይውጡ አለቻቸው። መቅድም ሥራው የክፍሉ ነው ብሎ እምቢ አለ። መጽሔቱ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ያልተስማሙበትን አያትምም። ትንሽ ብትለሳለስ ይታተም ነበር፤ እሷ ግን በውሸት ስም ከሚወጣ ይቅር አለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ብቻ እንድታስተምር ተደረገ፤ ቢሮዋም መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሆነ።

ቆይቶ በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ያንኑ ነገር አግኝተው፣ በሙከራም አረጋግጠው አሳተሙ። እህቴ ጽሑፋቸውን ይዛ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ አነበበችልኝ። ፊቷ በርቷል። «ልክ ነበርኩ፣» አለች። ከሷ አሳምረው የሠሩበትን ቦታ ሳይቀር እያሳየች አደነቀችላቸው። እኔ አልተደሰትኩም። በዚያው ሰሞን መቅድም አዳራሽ ሰብስቦ፣ ይህ ሐሳብ በኛ ክፍል ቀድሞ የታሰበ ነው ብሎ ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት።

ትዕግሥተኛ ነህ ይሉኛል። ማታ ማታ ከእህቴ ጋር ስንጸልይ፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የምንለው ቦታ ላይ ስንደርስ ምላሴ ይያዛል። እሷ አጠገቤ ቆማ ምንም ሳትደናቀፍ ታልፈዋለች። ይህም ያናድደኛል።