የመሰኪያው መሃል

በደሴታችን፣ ቤሲዮ ወደብ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ፣ ስልክና ማራገቢያ ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያበላሸሁት ዕቃ ብዙ ነው፤ የዕቃ ነገር ግን ይረሳል። የምነግራችሁ ስለ ናኪባዬ ነው።

ናኪባዬ የጎረቤቴ የማኤሬ ልጅ ነበር። ባሏ ሲሞት የተወላት አንዲት ጀልባ ከነሞተሯ፣ እንዲሁም ሁለት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ነው። በጀልባዋ ናኪባዬና የአጎቱ ልጅ ቴባኖ ቱና የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ናኪባዬ ሬዲዮውንና ቻርጅ ማድረጊያውን ይዞ መጣ። ሬዲዮው ቆሞ የሚሞላበት ጥቁር መቀመጫ ነው። የራሱን አዳፕተር አይጥ ገመዱን በልታበት ጥሎታል።

«ሌላ ፈልግልኝ፣ ቡዌሬያ» አለ። «ከዚህ ሁሉ ሬሳ መሃል ነፍስ ያለው አንድ አይጠፋም።»

«ነፍስ ከሆነ የፈለግከው ፓስተሩ ጋ ሂድ» አልኩት።

«ፓስተሩማ ወደ አንተ ነው የላከኝ። ‹እሱ ጋ የገባ ሁሉ በቀጥታ ሰማይ ቤት ነው› አለኝ።»

እየሳቅኩ መቀመጫውን ገልብጬ አየሁት። ስንት ቮልት እንደሚፈልግ፣ የመሰኪያው መሃል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ የሚናገረው ጽሑፍ በጨው ተበልቶ ጠፍቷል። ቮልቱን ከባትሪው ቁጥር ተነስቼ ገመትኩ። የመሃሉን ግን አልመረመርኩም። እኔ ጋ ከሚመጣው ዕቃ አብዛኛው መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ይኼም እንደዚያው ነው አልኩ። ከካርቶኑ ውስጥ ጫፉ ልክ የገባለትን አዳፕተር አንስቼ ሰጠሁት። ኤሌክትሪክ የምለካበት ቴስተሬ እጄ አጠገብ ነበር። ከፍቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ርቦኝ ይሁን ሙቀቱ አስንፎኝ፣ ለምን እንዳላየሁት ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሲያልፍ ከመንገድ ላይ ጠራኝ።

«የመቀመጫው መብራት አትበራም እኮ።»

«አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል። ዝም ብለህ አሳድረው፣ ይሞላል።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ» ብሎ ሄደ።

ዓርብ ማለዳ ከቴባኖ ጋር ወደ ጎረቤታችን ደሴት ወደ ማያና አቅጣጫ ወጡ። ከሰዓት በኋላ በዚያው በኩል ያጠምድ የነበረ ሌላ ሰው የናኪባዬን ድምፅ በሬዲዮ ሰማ። «ሞተራችን ቆሟል፣ ያለነው ከ...» ብሎ ተቋረጠ። ሰውየው ደጋግሞ ቢጠራ መልስ አጣ። ሲመሽ አልተመለሱም።

በነጋታው ጀልባ ያለን ሁሉ ወጣን። በአራተኛው ቀን ከሩቅ አገር የፍለጋ አውሮፕላን መጥቶ ሦስት ቀን ዞረ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ ወደ ምዕራብ የተወሰደ ሰው ፊቱ ያለው ውኃ ብቻ ነው። የት ጋ መፈለግ እንዳለብን የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ከፈላጊዎቹ ጋር ከርሜ ከንፈሬ በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። ያ አዳፕተር ግን አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም።

በዘጠነኛው ቀን ማኤሬ መጣች። ቤት የቀረችውን ሁለተኛዋን ሬዲዮ፣ ያንኑ መቀመጫና ያንኑ አዳፕተር በፌስታል ይዛለች።

«ይኼንን ሙላልኝ። ከትናንት ጀምሮ ሰክቼው እምቢ አለኝ። ባሕሩ ዳር ወጥቼ ልጥራቸው።»

ከባሕር ዳር ቆመው የሚናገሩባት የእጅ ሬዲዮ ማያና ድረስ እንኳ አትሰማም። ይኼን አልነገርኳትም። መቀመጫውን ተቀብዬ ብሎኖቹን ፈታሁ።

ውስጡ ንጹሕ ነበር፤ የተቃጠለ ነገር የለም። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ጎኑ ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ኔጋቲቩ በዚያ በኩል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እዚያ አሳረፍኩ፤ በሌላው የመሰኪያውን ቀዳዳ ዳር ነካሁ። ሁለቱ ቢገናኙ ቴስተሩ ይጮኽ ነበር፤ አልጮኸም። መሃል ያለችውን መርፌ ስነካ ጮኸ። ደገምኩት፤ አሁንም ጮኸ። መሃሉ ኔጋቲቭ ነው። የሰጠሁት አዳፕተር ደግሞ መሃሉ ፖዘቲቭ ነበር። እንዲህ ያለው መቀመጫ ኤሌክትሪክ ተገላብጦ ሲመጣበት ራሱን ለማዳን መንገዱን ይዘጋል። አያጨስም፣ አይሸትም። ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርበት እንኳ ባትሪው ጠብታ አያገኝም።

የአዳፕተሩን ገመድ ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ ቀጠልኩ፣ በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ሰካሁት። ቀይ መብራት በራ።

«በራ» አለች ማኤሬ። ፊቷ ፈካ። «ምን ሆኖ ነው?»

አቧራ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም።

«ገመዱ ተገላቢጦሽ ነበር። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳልመረምር ነው የሰጠሁት።»

«ለናኪባዬ?»

«አዎ።»

«ያኔም አልሞላም ማለት ነው?»

«አልሞላም። መብራቷ አትበራም ብሎኝ ነበር። አሳድረው አልኩት።»

ቀዩን መብራት ብቻ ታያለች።

«ቢሞላ ኖሮስ?»

«የት እንዳሉ ተናግሮ ይጨርስ ነበር።»

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ፌስታሉን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ሰዓት ያህል።»

«እጠብቃለሁ።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ማራገቢያ ሊያሠራ የመጣ ሰው ነበር፤ ነገ ና ብዬ መለስኩት። ኮኮናት ሰንጥቄ ሰጠኋት፤ ሳትነካው ዝንብ ወረረው።

ማታውን ለቴባኖ ሚስትም ሄጄ ተናገርኩ። ዓሣ ትጠርግ ነበር። በያዘችው ሳህን ፊቴን መታችኝ፤ ደሜን እየጠረግኩ ወጣሁ። በማኤሬ ዝምታ ፊት ከተቀመጥኩባቸው ሰዓታት ይኼኛው ቀለለኝ። በወሩ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ አባያንግ ደሴት ሄደች።

ማኤሬ ግን ውኃው ሲሸሽ በየቀኑ ከውኃ በሚገለጠው የኮራል ዐለት ላይ እስከ ጫፉ ትወጣ ነበር። «ናኪባዬ፣ እኔ ነኝ፣ እናትህ። ቴባኖ፣ ትሰማኛለህ?» ትልና ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንስታ ታዳምጣለች። ሰው መጀመሪያ ላይ ያጽናናት ነበር። ወራት ተንሳፍፈው ማርሻል ደሴቶች የወጡ አሉ ይሏት ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ እንደዚያ የሚላት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን የስንብት ጸሎት ሲደረግላቸው አልመጣችም።

ዓመት ሊሞላ ሲል ሬዲዮዋን ይዛ መጣች። ሞልታ ይዛት ትወጣና ሁለት ቃል ሳትናገር ሬዲዮዋ ትጠፋባታለች።

«ባትሪው አርጅቷል» አልኳት። «ፊጂ ድረስ ጠይቄልሽ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መሠራት ቆሟል አሉኝ።»

«ከሌላ ነገር አታበጅልኝም?»

ሞከርኩ። ሁለት ሳምንት የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መጨረሻ ላይ ሬዲዮዋን መልሼ ወሰድኩላት፤ በሩ ላይ ከእጄ ተቀብላ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ኮራሉ አትወጣም። ጀልባ የላት፣ ልጅ የላት፤ ምንጣፍ እየሠራች ትሸጣለች። ሱቄን አልዘጋሁም፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። አሁን አዳፕተር የያዘ ሰው ሲመጣ ከፍቼ፣ ለክቼ፣ ደግሜ ለክቼ ነው የምሰጠው። ሰዎች ዘገየህ ብለው ይቆጡኛል። ማኤሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም ሰላም እላታለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አንነጋገርም።