የጣሊያን ነው የተባለው ብስክሌት

ፒያሳ ውስጥ ትንሽ ያረጀና ትንሽ የጠነከረ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። በሩ የጣሊያን፣ ደረጃው የጣሊያን፣ የጎረቤታችን የማይዘጋ መስኮት ሳይቀር የጣሊያን። ስለዚህ አባታችን ደምመላሽ ትቶልን ያለፈው ብስክሌት የማን ሥራ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ያስጠየቀኝ ጉልበቴ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቅ የለኝም፣ ደንበኞቼ ያሉበት ድረስ ሄጄ ነው የምሠራው። ከቴዎድሮስ አደባባይ አንስቶ ስድስት ኪሎ ድረስ ያሉ ልብስ ሰፊዎች እጄን ያውቁታል። ከአምስት ወር በፊት ሐኪሙ የግራ ጉልበቴን ራጅ አይቶ «ዳገት ይተዉ» አለኝ። አራዳ ውስጥ ዳገት ተው ማለት ቤትህ ተቀመጥ ማለት ነው። በሚኒባስ ሞከርኩ፤ የመሣሪያ ሳጥኔን ያየ ረዳት ሁሉ «ሞልቷል» ይለኛል። የአዲስ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ዋጋ ጠይቄም ምራቄን ውጬ ተመለስኩ። ይባስ ብሎ ሁለት ደንበኞቼ ሌላ ጠጋኝ ያዙ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለም፤ ቤት ተቀምጬ የምሆነውን ሰውዬም አልወደውም።

መላውን የነገረኝ እሪ በከንቱ ሰፈር ብስክሌት የሚጠግነው ኢልያስ ነው። በአሮጌ ብስክሌት ላይ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ይገጥማል። «ጋሼ ከተማ፣ ያቺን የአባትዎን ያምጡልኝ፤ ዳገቱን ሜዳ ነው የማደርግልዎት» አለኝ።

ችግሩ ታላቅ እህቴ አሰፋች ናት። ብስክሌቱ የሁለታችን ውርስ ቢሆንም ያለው እሷ ቤት ነው፤ ለየዓመት በዓሉ ትወለውለዋለች።

«ሞተር?» አለችኝ። «የጣሊያን ዕቃ እኮ ነው! አባዬ በሕይወት እያለ ማንን አስነካ? አንተ ልትበሳው ነው?»

«እትዬ፣ ጉልበቴ እኮ…»

«ጉልበትህን ታከም። እኔ ቆሜ ሞተር አይነካውም።»

አኮረፍኩ። ሦስት ቀን ስልኳን አላነሳሁም። በአራተኛው ቀን ኢልያስ እንዲያየው ተስማማን፤ የጣሊያን ከሆነ እንዳልነካው፣ ካልሆነ ደግሞ እንድንነጋገር። «እኔ ባለሁበት ነው የሚታየው» ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አብራኝ መጣች።

ኢልያስ የራሱ ደንብ አለው፤ ብረቱን ራቁቱን እስኪያስቀር ሳይፍቅ በማንም ብስክሌት ላይ መሰርሰሪያ አያሳርፍም። «ቀለም ይዋሻል፣ ብረት አይዋሽም» አለና ብስክሌቱን ገልብጦ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። ጥቁሩ ቀለም ተፋቀ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴው ሥር፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት ጋ፣ የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ። የስልኩን መብራት አብርቶ አነበበው።

«የህንድ ሥራ ነው ጋሼ። ይኸው ተጽፏል። ጣሊያን በዓይኑም አላየው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስንቱን የሰፈር ልጅ አፉን ያስያዝኩበት ብስክሌት! አሰፋች ግን አልሳቀችም። ኢልያስ መፋቁን ስላላቆመ እጁን እጁን ታያለች። ጥቂት ቆይቶ ፍሬሙ ላይ አሮጌ ብየዳና በመጋዝ የተቆረጠ ብረት ወጣ።

«ይኼማ ከዚህ በፊት ሞተር ተሸክሟል» አለ በጣቱ እየዳሰሰ። «የቤንዚን ሞተር። እዚህ ጋ ይቀመጣል፣ ጭስ ማውጫው ደግሞ በዚህ ጎን ወደ ኋላ ያልፋል። ቆርጠው አውጥተው ቀለም ቀብተውበታል።»

«አባዬ ሞተር ነበረው?» አልኩ ወደ እህቴ ዞሬ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ሃምሳ ዓመት ፈጀበት። አሰፋች በርጩማው ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አደረገች። ባቷ ላይ ያለውን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የፈላ ውሃ ነው ብላኝ ነበር።

«ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንተ ገና ጡት ትጠባለህ» አለች። «ከኋላው አፈናጦኝ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እግሬ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ተለጠፈ። ብስክሌቱን መንገድ ላይ ጥሎ ተሸክሞኝ ሮጠ። በማግስቱ ሞተሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ጣለው። ሰው ሲጠይቀው አፍሮ ‹የጣሊያን ዕቃ በሞተር አይበላሽም› ይል ጀመር። እኔም የፈላ ውሃ ነው ማለት ጀመርኩ። እንዳያፍር ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ለጣሊያን የምትሟገት የመሰለችኝ እህቴ ለካ የፈራችው ለእኔ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አጠገቧ ቁጢጥ ልል ሞክሬ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚያምህ?» አለች ደንግጣ።

«እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

ወደ ኢልያስ ዞረች። «የባትሪው ጭስ ማውጫ አለው?»

«ጭስ ሳይኖረው ምን ሊያወጣ?»

«አይግልም?»

«ዳገት ላይ ትንሽ ይሞቃል፣ አልዋሽዎትም። ግን ጎማው መሀል ስለሆነ እግር አይደርስበትም።»

በወሬ አላመነችም። ኢልያስ ገጥሞ የጨረሰውን የሌላ ሰው ብስክሌት ይዞ ዳገቱን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ስትጠራው አጠገቧ አቆመላት። እህቴ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። አላነሣችውም።

«ለብ ነው ያለው» አለች በመጨረሻ። «ግጠምለት። የኋላ መቀመጫም ሥራበት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በብስክሌቱ ሥራ በምጀምርበት ዋዜማ፣ ሳጥኔን ኢልያስ ዘንድ ትቼ እህቴን አፈናጥጬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ቀበቶዬን ጨምድዳ ይዛ፣ ሁለት እግሮቿን ከብስክሌቱ አርቃ አየር ላይ ዘርግታ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዞር ብዬ ሳያት አውርዳቸዋለች።