ሃምሳ አለቃ ጣሰው የታዘሉባት ሞተር

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከአራት ጎማ በታች ያለውን ነገር ተሽከርካሪ ብለው ጠርተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊቱ ከባድ መኪና ላይ ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ሻኪሶ ላይ የእህል መደብር ከፍተው ተቀመጡ እንጂ ልባቸው ዛሬም ጋቢና ውስጥ ነው። አንድ ሞተር ብስክሌት በመደብራቸው በር ካለፈ «ይቺ ደግሞ ምን ታንጣጣለች?» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ በአንዱ ሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ለሽምግልና ከሻኪሶ ወደ ነገሌ የተጠሩት።

የጠራቸው ቢረሳው ነው። ነገሌ ትምህርት ቤት ያስተምራል። አባቱ ከጣሰው ጋር በአንድ መኪና የሠራ፣ በአንድ ጣሳ ውሃ የጠጣ ወታደር ነበር፤ እሱ ሲሞት ልጁ «አባባ» የሚለው ሰው ጣሰው ብቻ ሆኑ። አሁን ልጁ የሻምበል ኃይለማርያምን ልጅ ወለላን ወዷል። እሷም ወዳዋለች። ሻምበሉ ግን የነገሌ ሽማግሌዎች ሁለት ሆነው ቢሄዱባቸው፣ አባት የሌለው ልጅ አባቱን የሚተካ ሰው ያምጣ፣ ጣሰውን አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸው ቆመው ይለምኑኝ ብለው መለሷቸው። ቀንም ቆረጡ። ቀኑ የዋዛ አልነበረም፤ ሻምበሉ ወደ ሐረር ተዛውረው በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቤተሰባቸውን ጭነው ይሄዳሉ። ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣሰው ካልደረሱ ወለላም ከፍራሹና ከሣጥኑ ጋር ትጫናለች። ሐረር ከገባች ደግሞ የነገሌውን አስተማሪ የሚያስታውስላት የለም፤ ባል ሞልቷል።

ሻምበሉ ልጁን ጠልተውት አይደለም። የጠሉት ሞተሩን ነው። ቢረሳው ወደ አገሩ ከሚመለስ ሚሲዮን የገዛት ትንሽ ሞተር አለችው፤ ሃምሳ ሲሲ የሚሏት ዓይነት፣ ከበቅሎ ያነሰች፣ ከበቅሎ የባሰች ጯሂ። ሻምበሉ «ልጄን በዚያች አንበጣ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጎዳና ሊነዳት?» ማለታቸውን ነገሌ በሙሉ ሰምቷል። ወሬው ሻኪሶ ሲደርስ ጣሰውም በሆዳቸው «እውነታቸውን ነው» አሉ። ምን ብለው እንደሚለምኑም ያኔውኑ ቆረጡ፤ «ልጁ ሞተሯን ይሸጣል፣ እኔ ዋስ ነኝ» ይላሉ፣ ነገሩ ያልቃል።

በቀጠሮው ቀን ማልደው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በእህል ጫኝ ፊያት ጋቢና እንደ ንጉሥ ተሰይመው ተነሱ። ክብረ መንግሥትን አለፉ፣ ዋደራን አለፉ። ከዋደራ ወዲያ ግን ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት፣ አንድ ከባድ መኪና በሁለት ገደል መሐል አግድም ተጋድሞ ጠበቃቸው። ከወዲህም ከወዲያም የተሰለፈው መኪና ብዛቱ! ጣሰው ወርደው እንደ ድሮው ያዝዙ ጀመር፤ ይሄን ቆፍሩ፣ ያን ግፉ፣ ድንጋይ አምጡ አሉ። የሰማቸው የለም። ሾፌሮቹ እሳት አንድደው ቀን ሙሉ ለመቀመጥ ተዘጋጅተዋል። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ጣሰው ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ ተክለው፣ የሟች ወዳጃቸውን ስም እየጠሩ «ልጅህን ጉድ ሠራሁት» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያቺ መንጣጣት የተሰማችው። ከመንገዱ በላይ፣ ፍየል በሚሄድበት ቀጭን መንገድ፣ ቢረሳው ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ለብሶ በሞተሯ ብቅ አለ። ረፋዱን በሙሉ ነገሌ መግቢያ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ መኪና የሚባል አልመጣ ሲለው ነገሩ ገብቶት ነው። ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመና ይሂዱ አላቸው። በምን ሲሉት በዓይኑ ሞተሯን አሳያቸው።

ሾፌሮቹ የሚስቁበት አግኝተው ነበር። «ሃምሳ አለቃ በሃምሳ ሲሲ ሊሄዱ ነው!» አለ አንዱ። «እንቢ ካለች ሣር ያሳዩአት» አለ ሌላው። ጣሰው ጆሯቸው ጋለ። ፀሐይዋን አዩ፣ የተጋደመውን መኪና አዩ፣ ልጁን አዩ። ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ልጁ ወገቤን ይያዙ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን፣ ሽማግሌ ለአማላጅነት ሲሄድ በጎረምሳ ወገብ ተንጠልጥሎ አይሄድም አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ልክ ጋቢና ውስጥ እንዳሉ ተቀመጡና «ንዳ!» አሉት።

ነዳ። በፍየሏ መንገድ፣ በገደሉ አፋፍ፣ ከነዚያ ሁሉ ትላልቅ መኪኖች ራስ በላይ አለፈ። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ሾፌር ኮፍያውን አውልቆ አያቸው፤ ጣሰውም አይተውት እንዳላዩ ሆኑ።

ከገደሉ ወርደው ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ግን ጣሰው ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ይህን መንገድ ስንቴ ተመላልሰውበታል፤ አሽትተውት ግን አያውቁም ነበር። የረጠበው ቀይ አፈር፣ የግራሩ አበባ፣ የከብቱ በረት፣ ሁሉም በየተራ አፍንጫቸው ሥር እየመጣ ይሄዳል። ንፋሱ ጢማቸውን ይከፍለዋል። ከዚያ ደግሞ የሾፌር ዓይን መቼም አያርፍምና፣ ልጁን ይመለከቱት ጀመር። ልጁ ከባድ መኪና ያረሰውን ጉድጓድ ትቶ በመሐል ያለችውን ደረቅ መስመር ይዟል፤ ስፋቷ ከመዳፍ አይበልጥም፤ አይስታትም። ጭቃ ሲያይ ፍሬን አይነካም። ማርሽ የሚለውጠው በጆሮው ነው። ከነገሌ በኩል ወታደር የጫነ መኪና ሲመጣ ጠርዝ ይዞ ቆመና፣ ጭቃው እንዳይረጫቸው በገዛ ጀርባው ከለላቸው። ጣሰው ለማንም አይንገሩ እንጂ በልባቸው «ይሄ ልጅ ሾፌር ነው» አሉ። እሳቸው ይህን ቃል የሚሰጡት ሰው ጥቂት ነው።

ትዕቢት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዲት ቦይ ላይ ሞተሯ እንደ ጥጃ ዘለለች። ሞተሯና ልጁ ወዲያ ማዶ ደረሱ፤ ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከነከዘራቸው መንገዱ መሐል በመቀመጫቸው ዱብ አሉ። ልጁ በንፋሱ ምኑንም አልሰማም፤ ከኋላው ሰው ያለ መስሎት እያወራ በኩርባው ተሰወረ።

ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚመጡ ሁቃ የሚባሉ የጉጂ ሽማግሌ አዩአቸው። በዚያ አገር መቼም ሰላምታ ሳይጠያየቁ ወደ ነገር መግባት ነውር ነው። ሁቃ በጦራቸው ተደግፈው ቆሙና «አካም? ናጋ?» አሉ። ጣሰው ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ «ናጋ» አሉ፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ከብቱስ? ናጋ። ልጆቹስ? ናጋ። ዝናቡስ? እሱም ናጋ። ወገባቸው እሳት እየሆነባቸው አንዱንም ሳያስቀሩ መለሱ። ሰላሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ሁቃ ጎንበስ ብለው ምን ሆነህ ነው ያሏቸው።

ቢረሳው አመድ መስሎ ተመለሰ። የአነጋገሩ ወግ ጠፍቶት ይቅርታ ይቅርታ ብቻ ይላል። ጣሰው ቢቆጡት በወደዱ፤ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቁታል። ሁቃ አንስተው ሞተሯ ላይ አስቀመጧቸው፣ ጋቢያቸውን ገፈው አጠማዘዙት፣ በሁለቱም ወገብ ዙሪያ ጠምጥመው ልጁ ደረት ላይ ቋጠሩት። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እያደባለቁ፣ ሕፃን የሚታዘለው እንዲህ ነው ብለው ሳቁ። ጣሰው ሕይወታቸውን ሙሉ ሰው ሲጭኑ ኖረው ዛሬ ታዘሉ። አሁንማ ወገቡን ያዙ፤ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ከነገሌ በፊት ያለው የመጨረሻ ዳገት መጣ። ሞተሯ ዳገቱን ጀመረች፣ አቃሰተች፣ መሐሉ ላይ ሁለት ሰው አልችልም ብላ ቆመች። ጣሰው ሊወርዱ እግራቸውን ሲያነሱ ወገባቸው አልታዘዝ አላቸው። ቢረሳው ጋቢውን ፈትቶ ወረደና መሪውን ያዘ።

«አንቱ አይውረዱ፣ አባባ» አለ። «እርስዎ እንደተቀመጡ እናወጣታለን።»

ጫማውን አውልቆ ወረወረ። ጋዙን በአንድ እጁ እየሰጠ፣ በትከሻው እየገፋ፣ ከጎን ከጎኗ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ላቡ ከማጅራቱ ይወርዳል። እሱም ያለከልካል፣ ሞተሯም ታለከልካለች። ጣሰው ከላይ ሆነው ያንን ማጅራት እያዩ ስንቱ ዳገት ትዝ አላቸው። የሳቸው መኪና እንቢ ባለች ቁጥር ያሉት አንድ ቃል ነው፤ ውረዱና ግፉ። ለሕመምተኛም ብለውታል፣ ላራስም ብለውታል። ዛሬ ግን ይህ ልጅ፣ ወለላ ነገ ሐረር ልትሄድበት ፀሐይ እየጠለቀችበት፣ አንዴም ይውረዱ አላላቸውም። ጣሰው ወደዱት። እንደ ወዳጃቸው ልጅ ሳይሆን ራሱን ወደዱት። አናት ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን የሞላው አቧራ ነው ብለው ጠረጉት፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ አቧራ የለም። ቢረሳው ጋቢውን እንደገና በሁለቱም ወገብ ጠምጥሞ ቋጠረና ነዳ።

የነገሌ ጦር ሰፈር ቆርቆሮ ጣራዎች ቀይ ብርሃን እያንጸባረቁ ታዩ። ሁለቱ የነገሌ ሽማግሌዎች በሻምበሉ በር ቆመው በጭንቀት ሲወዛወዙ፣ ጣሰው በጋቢ ታዝለው ደረሱ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ። ወለላም የታሰረ ጓዝ በሞላበት ቤት በመስኮቱ ቆማ፣ አዛውንቱ ሲፈቱ፣ ሲወርዱ፣ ሁለት እርምጃ ሄደው ከዘራቸው ላይ ሲያቃስቱ አየች።

ሻምበል ኃይለማርያም እንደ ወጉ ተቀመጡ አሏቸው። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ነገር እሺ ሳይባል አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ሻምበሉ የጣሰውን ጭቃ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ለመሆኑ ልጃችሁ ምን አለው ሲሉ ጠየቁ።

ጣሰው ከሻኪሶ ያሰናዷትን ቃል አስታወሱ፤ ሞተሯን ይሸጣል የምትለዋን። ምላሳቸው ላይ መጥታ ነበር። ዋጧት።

«ሞተር አለው» አሉ። «ትንሽ ናት። ዳገት ላይ ሁለት ሰው አትችልም። ሻምበል፣ ያስታውሱ እንደሆነ ፊልቱ መንገድ ላይ የኔ መኪና እንቢ ስትል፣ በአዲስ ጫማዎ ወርደው እንዲገፉ ያደረግሁዎ እኔ ነኝ። የነዳ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ይሄ ልጅ ግን ዛሬ ጫማውን አውልቆ እኔን እንደተቀመጥሁ ገፋኝ። እኔ ምኑ ነኝ? ያረጀ ሰው ነኝ። ልጅዎን ደግሞ ያስቡት። ዳገት በመጣ ጊዜ ውረጂ አይላትም። ሞተሯንም እንዳይሸጥ እለምንዎታለሁ።»

ሻምበሉ ወደ በሩ ሄደው፣ ደጅ ላይ ጭቃ ለብሳ የቆመችውን ሞተርና አጠገቧ በባዶ እግሩ የቆመውን ልጅ አተኩረው አዩ። ተመለሱ።

«በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ» አሉ።

እሺ ማለት ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እግዜር ይስጥልን እያሉ ተቀመጡ። ጣሰው ግን አልተቀመጡም። ወንበሩን ያዩታል፣ ይቆማሉ። ሻምበሉ ፊታቸው ተለወጠ፤ ደግሞ ምን ቀረ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ አሉ። ጣሰው እንዴት ብለው ይናገሩት? በሽምግልና ቤት፣ በሻምበል ፊት፣ ወድቄ መቀመጫዬ ቆስሏል ይባላል እንዴ?

ያን ጊዜ ከጓዳ የገመድ መፈታት ተሰማ። ወለላ ለሐረር ያሰረችውን የራሷን ፍራሽ ፈትታ ነበር። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ወጣች፤ ትራሷን አምጥታ ወንበሩ ላይ አደረገች፣ በእጇም ደልደል አድርጋ መታ መታ አደረገችው።

«አሁን ይቀመጡ፣ አባባ» አለቻቸው።

ጣሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ።