የአባቷ ቆስጣ

ሱንዶክ ከአባቷ ማዕድ ቀርባ ቆስጣ አልበላም ማለት አትችልም ነበር። ጓንግጁ ከተማ ያለው ሐኪሟ ባለፈው መኸር ከኩላሊቷ ጠጠር ካወጣላት በኋላ ቆስጣ የሚባል ነገር ባፏ እንዳይዞር፣ ውሃም ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እንድትጎነጭ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋ ተቆርጦ አንጀቷ ካጠረ ወዲህ፣ ሌላው ሰው የሚፋፋበት ቅጠል በእሷ ሆድ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ችግሩ አባቷ ጎ ማንቦክ የቆስጣ ገበሬ መሆናቸው ነው። የባሰው ደግሞ ስለ ጨጓራዋ ቀዶ ሕክምና አንድም ነገር አለማወቃቸው።

እናቷ ከአሥር ዓመት በፊት ለማህፀን እጢ ወደ ዋናው ምድር ተሻግራ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደገባች ቀረች። አባቷ አስከሬኗን ይዘው ወደ ቢገም ደሴት በተመለሱ ዕለት፣ ከእንግዲህ ከቤቴ ሰው ቢላዋ የሚነካው የለም ብለው ማሉ። ሱንዶክ ያኔ ከመቶ ሃያ ኪሎ በላይ ነበረች። ስኳሯ አልወርድ ብሏል፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ብሏል፤ በምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድስት ባነሣች ቁጥር ትንፋሿ ይቆራረጣል። ከአራት ዓመት በፊት ለማንም ሳትናገር ሆስፒታል ገብታ ተሠራች። በዓመቱ ግማሽ ሆና ወደ ደሴቲቱ ስትመጣ አባቷ በራቸው ላይ ቆመው አላወቋትም። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። ሩዝ ትቼ እርስዎ የሚልኩልኝን ቆስጣ ስበላ ነው አለች።

ሰው እንዲህ ያለውን ውሸት ለአንድ ቀን ብሎ ነው የሚዋሸው። ይቺ ግን ሥር ሰደደች። አባቷ በዚያ ዓመት መሬቱን ለወንድማቸው ልጅ ሊያከራዩ ተስማምተው ነበር፤ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል። የልጃቸውን ወገብ ባዩ ማግስት ውሉን አፈረሱ። ልጄን ያዳነ መሬት አይከራይም አሉ። ከዚያ ወዲህ የብርዱ ወራት በመጣ ቁጥር፣ የባሕሩ ነፋስ ፊታቸውን እየላጠው፣ ውርጭ ከመሬት ያጣበቀውን ቆስጣ እየዳሁ ይለቅማሉ። የመጀመሪያው ካርቶን ገበያ አይወጣም፤ ለሱንዶክ ይላካል። እሷም ጠጠሩ ከወጣላት ወዲህ ካርቶኑን እንደመጣ ለጎረቤት ታድላለች። እውነቱን ልንገራቸው ብላ ስልክ ታነሣና፣ ድምፃቸውን ስትሰማ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወዋለች።

ዘንድሮ በጨረቃ ለሚቆጠረው አዲስ ዓመት መጣች። በበዓሉ ጠዋት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የእናቷ መታሰቢያ ማዕድ ተዘረጋ። አባቷ ቆስጣውን በእጃቸው ቀቅለው፣ ጨምቀው፣ በሰሊጥ ዘይት አሽተው ከፎቶግራፏ ፊት አኑረውታል። ሰግደው ሲጨርሱ ሳህኑን አንሥተው ለሱንዶክ ሰጧት። ለሙታን የቀረበውን መቅመስ በረከት ነው፤ አልፈልግም ማለት የገዛ እናትን መግፋት ነው። በላች። አባቷ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩዋት ጨመሩላት፤ ደግማ በላች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው እትዬ ቹንጃ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጥታ ሱንዶክን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይኸው ቆስጣ እኔን ምነው ሳያከሳኝ?» አለች። «እድሜ ልኬን በልቼው በርሜል አክላለሁ።»

«አንቺማ በአሳማ ሥጋ ጠቅልለሽ ነዋ የምትበዪው» አሏት ማንቦክ።

ሁሉም ሳቁ። ሱንዶክም ሳቀች። አባቷ ግን ወዲያው ሳቃቸውን ትተው፣ ሚስቴን ባላተርፍ መሬቴ ልጄን አተረፈልኝ ብለው ለቹንጃ ነገሯት። ሱንዶክ ሳህን ላጥብ ብላ ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ሕመሙ ከጀርባዋ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቷ ወረደ። ታውቀዋለች፤ ያው ጠጠሩ ነው። ብትቀመጥ፣ ብትነሣ፣ ግድግዳ ብትደገፍ አልለቅ አላት። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታስመልስ አባቷ ደረሱ። ባሕሩ ተናውጦ መርከብ ታግዷል። ቆስጣ በሚጭኑበት የሞተር ጋሪ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው አስተኟትና ወደ ጤና ኬላ ወሰዷት። መንገዱን ሙሉ አይዞሽ፣ አይዞሽ ይሏታል። የሚንቀጠቀጡት ግን እሳቸው ነበሩ።

የጤና ኬላው ሐኪም የብሔራዊ አገልግሎት ግዳጁን እዚያ የሚወጣ ወጣት ነው። ጀርባዋን በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ጮኸች። ሽንቷን መርምሮ የኩላሊት ጠጠር መሆኑን ነገራቸው፤ ማስታገሻውንም በመርፌ ቀዳ። ከመውጋቱ በፊት ግን ቆም አለ።

«ሆድዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?»

አባቷ ቀደሟት። «የለም። ልጄን ቢላዋ ነክቷት አያውቅም።»

«እሳቸው ይንገሩኝ አባት» አለ ሐኪሙ በትሕትና። «ጨጓራቸው የተሠራ ከሆነ ይቺን መርፌ አልሰጣቸውም። አቁስላ ታደማቸዋለች።»

ሱንዶክ አባቷን አየቻቸው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል፤ ከጥፍራቸው ሥር የመሬቱ ጭቃ አለ። የለም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ አንድ መርፌ ናት፣ ምናልባት ምንም አታደርጋት ይሆናል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ግን መድኃኒቱ የአባቷን ደስታ የሚያስከፍል ሲሆን ምን ይደረጋል?

«ተሠርቻለሁ» አለች። «ጨጓራዬን ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ለውፍረቱ።»

ሐኪሙ መርፌውን አስቀምጦ ሌላ መድኃኒት በጉሉኮስ ሰቀለላት። ከዚህ በፊት ጠጠር ወጥቶልዎታል ወይ አላት፤ አዎ አለች። ያኔ ምን እንዳይበሉ ተነገረዎት ሲላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቆስጣ አለች።

«ታዲያ ማን አበላዎት?» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ሱንዶክ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሕመሟ መለስ ሲል፣ ነገ ማዕበሉ ጸጥ ካለ ወደ ሞክፖ ከተማ ተሻግረው ጠጠሩን ሊያወጡልዎት ይገባል ብሎ፣ ስልክ ሊደውል ወጣ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሱንዶክ ቁጣውን ጠበቀች። ይህን ቁጣ አራት ዓመት ሙሉ ስትፈራው ኖራለች፤ ምን እንደሚሏት እንኳ በልቧ ታውቀዋለች። መሐላዬን አፈረስሽ ይላሉ። በጉልበቴ ስድህ የኖርኩት ለውሸት ነው ይላሉ። ቢሉ እውነታቸው ነው።

«አባባ፣ እንዳይፈሩ ብዬ ነው...»

«ስትገቢ በሩ ላይ ማን ነበር?» አሏት።

አልገባትም። «የቱ በር?»

«ሊቀድዱሽ ሲያስገቡሽ። ደጅ ሆኖ የጠበቀሽ ማን ነው?»

«ማንም» አለች።

«ስትነቂስ?»

«ነርሷ ነበረች።»

አባቷ ከአልጋው ጎን ወዳለው ወንበር ሄደው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ።

«እናትሽ ስትገባ እኔ ነበርኩ» አሉ። «እጇን ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋት። አልተመለሰችም። ብቻዋን ግን አልገባችም።»

ፊታቸውን በባርኔጣው ሸፍነው አለቀሱ። ሱንዶክ አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው በእናቷ ቀብር ብቻ ነው። ቆስጣውን አላነሡትም፤ መሐላውንም አላነሡትም። እሷ ፍርሃቱን አስቀረሁላቸው ብላ ነበር የምታስበው። ፍርሃቱ ግን የእሳቸው ድርሻ ነበር፤ ነጥቃቸዋለች። ይህ ሲገባት አፈረች።

ጉሉኮስ ያልተሰካበትን እጇን ዘርግታ የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባባ» አለች፣ «ነገ እፈራለሁ።» ለማንም እፈራለሁ ብላ አታውቅም፤ ያኔ በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት እንኳ ለነርሷ ስቃላት ነበር። «አብረውኝ ይሄዳሉ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«አባት ለመቼ ነው ታዲያ?» አሏት።

ውጭ ነፋሱ ገና አልበረደም ነበር። ወንበራቸውን ወደ አልጋዋ አስጠጉና ቀኑንም ሌሊቱንም እስኪነጋ እዚያው ተቀመጡ።