ለግሌኒስ ማን ይንገራት?

ሴድሪክ ሃርድካስል ሠላሳ አንድ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ቤት በዋለ በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ እግር በእግር እየተከተለ የድስት ክዳን ሲከፍትባት መረራትና «ውጣና የራስህን ሥራ ፈልግ» አለችው። ወጣና መጠጥ ቤት ገባ። እንዲህ ሲባል ሰካራም እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ብርጭቆ ቢራ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ከቢራው ይልቅ የቢራው ወሬ የሚያሰክረው ሰው ነው። በየሰፈሩ ያሉትን መጠጥ ቤቶች አንድ በአንድ እየዞረ ይቀምሳል፣ ወንበሩንም ሽንት ቤቱንም ያያል፣ ከዚያ በነፃ በምትታደል ባለ አራት ገጽ የሰፈር ጋዜጣ ላይ በየወሩ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ቤት ከአንድ እስከ አምስት ብርጭቆ ይሰጣል። ብዕሩ ዋሽቶ እንደማያውቅ ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ስለ አፉ ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በመጋቢት ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ «ሦስቱ ዝይዎች» የሚባለውን የዳገት ላይ መጠጥ ቤት በር ገፍቶ ገባ።

«ግባ ሆዴ፤ በሩን ግን ዝጋው፣ ብርዱን አልጋበዝኩትም» አለች ቤቱን የምታስተዳድረው ግሌኒስ። ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ክንዷ የበረታ፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም ሆዴ የምትል ሴት ናት። የመቅጃው ነሐስ ፊት ያሳያል፣ ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ እሳቱ ነዷል። ሴድሪክ በልቡ አራት ብርጭቆ ሰጥቶ ጨረሰ።

የመቅጃውን እጀታ ሁለቴ ስባ ሙሉ ብርጭቆ አቀረበችለት። ቀመሰ። ጥርሱ ሥር ድረስ ኮመጠጠው።

«እንዴት ነው ሆዴ?» አለችው፣ ዓይኑን እያየች።

«ግሩም ነው» አለ ሴድሪክ።

በዚህ አገር እግርህን የረገጠህን ሰው ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ሾርባው ቀዝቅዞ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮህን ቆርጦ፣ ቢራው በክቶ «እንዴት ነው?» ከተባልክ መልሱ አንድ ነው፤ ግሩም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ብቅሉንም ይሉኝታ ይዞታል። ሴድሪክም ሲሶውን በግድ ዋጠና፣ ስልክ ልታነሳ ስትሄድለት የቀረውን መስኮቱ አጠገብ ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሊደፋ ተነሣ። አበባው ቀድሞ ደርቋል። ለምን እንደደረቀ አልጠየቀም፤ ብርጭቆውን ከመጋረጃው ኋላ ደብቆ ወጣ።

በዚያ ወር ጋዜጣ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ሦስቱ ዝይዎች የምትሄዱ ሰላጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ አቼቶው ከቧንቧው ይቀዳል። አንድ ብርጭቆ ሰጥቻለሁ፤ እሱም ለወንበሩ ነው።» ሚስቱ ስታነብ እስክታነባ ሳቀች። ሴድሪክ ሁለት ቀን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ዋለ።

ጋዜጣው በወጣ በዘጠነኛው ቀን አውቶቡስ ሲጠብቅ አንድ ረጅም ሽማግሌ አጠገቡ ቆመ። ኔቪል ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፣ የሦስቱ ዝይዎች ደንበኛ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«የሰላጣው ሰውዬ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሴድሪክ፣ ሊመሰገን እየተዘጋጀ።

«ለመሆኑ ፊት ለፊት ስትጠይቅህ ምን አልካት?»

ሴድሪክ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ግሩም ነው አልኳት።»

ኔቪል ሊሰድበው የመጣ ይመስል ነበር፤ ግን ትከሻው ወረደ። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኳት» አለ። «ሁላችንም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ አልተሳፈሩም። ኔቪል ነገሩን ሁሉ ነገረው። የግሌኒስ ባል ሞሪስ በጥር ሞቷል። ምድር ቤቱንና በርሜሎቹን የሚያውቀው እሱ ነበር። እሷ ደግሞ ካለፈው ዓመት ከባድ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዋም ምላሷም አይለይላትም፤ ሽንኩርትና ፖም ብትሰጣት በዓይኗ ካልሆነ አታውቀውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው «እንዴት ነው?» ትላለች፤ እያንዳንዱ ሰው «ግሩም» ይላታል።

«ሐዘንተኛን ቢራሽ ተበላሽቷል የሚል ምን ዓይነት አፍ ነው?» አለ ኔቪል። «ግማሹ ሰው መምጣት ተወ። ግማሹ የበርሜሉን ቢራ ሐኪም ከለከለኝ እያለ የጠርሙስ ይጠጣል። ሰፈሩ በሙሉ በአንዴ የጨጓራ በሽተኛ ሆነልህ! ቤቱ የሷ አይደለም፣ ከቢራ ኩባንያ የተከራየችው ነው። በወሩ መጨረሻ አርብ ከኩባንያው አንዲት ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ገበያው ከሞተ ውሉ አይታደስም፣ ግሌኒስም ከላይ ከምትኖርበት ቤት ትወጣለች።»

«ጋዜጣውን አይታዋለች?»

«ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ‹ውሸቱን ነው አይደል?› አለችን።»

«እናንተስ?»

ኔቪል የጫማውን ጫፍ ተመለከተ። «ውሸቱን ነው አልናታ።»

ሴድሪክ ያን ቀን ምሳ አልበላም። አፍሮ ነበር፤ ያሳፈረው ግን የጻፈው አይደለም፣ ያልተናገረው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ይህችንም ሴት ሰፈር ሙሉ ሰው ፈገግ እያለላት ወደ ገደል እየወሰዳት ነው። እሱም አብሮ ፈገግ ብሏል።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያው ቆመ። ኔቪልም ጥግ ላይ የጠርሙስ ቢራውን አቅፎ ተቀምጧል። ግሌኒስ ቀዳችለት፤ ቀመሰ፤ ያው ነው።

«እንዴት ነው ሆዴ?»

ግሩም የሚለው ቃል እጥርሱ ድረስ መጣ። በሕይወቱ ስንት መቶ ሺህ ጊዜ እንዳለው እግዜር ይወቅ፤ መንገዱን ያውቀዋል። ሴድሪክ አፉን ዘጋበት።

«አቼቶ ነው» አለ። «ባለፈውም አቼቶ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ግሌኒስ መወልወያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ።

«አራት ሺህ ሰው ዘንድ የሚደርስ ጋዜጣ ላይ ስትጽፍ አላፈርክም፤ እኔ አንዷ ፊት ግን አፈርክ? እዚሁ ቆመህ ዓይኔን እያየህ ግሩም አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ውጣ!»

ሴድሪክ ኮፍያውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው።

«ቆይ እስቲ። ምን ያህል አቼቶ?»

«ዓሣ ላይ የሚፈስ ያህል።»

ወደ ኔቪል ዞረች። «አንተስ? ሐኪም የከለከለህ መቼ ነው?»

ኔቪል ጠርሙሱን እንደ ታቦት አቅፎ ቀረ። «ከጥር ወዲህ» አለ በመጨረሻ።

ግሌኒስ የምድር ቤቱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳችና ለሴድሪክ ወረወረችለት። እሷም ተከትላ ወረደች።

ችግሩን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በርሜሎቹ ደህና ናቸው። ከበርሜሉ እስከ መቅጃው የሚወጣው ቧንቧ ግን ሁለት ወር ተኩል ሙሉ አልታጠበም። ሴድሪክ የማጠቢያውን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ አጠገብ አገኘው። ቧንቧው በሳምንት አንዴ በዚህ ካልታጠበ የትኛውም ቢራ እንደሚኮመጥጥ ነገራት።

«ሰኞ ሰኞ» አለች ግሌኒስ። «ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሬዲዮውን ይዞ ይወርድ ነበር። እኔ ደግሞ ምንጣፍ አራግፍ እንዳልለው የሚደበቅ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ‹ወጣህ፣ የአይጥ ባል?› እያልኩ ስስቅበት አንድ ቀን እንኳ መልሶልኝ አያውቅም።» ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሴድሪክም አጠገቧ ተቀመጠ።

ከዚያ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ከቧንቧው የወጣው ቆሻሻ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ምሳ ስል እተወዋለሁ። ሦስቴ አጠቡት፣ ሦስቴ በውሃ አሳለፉት። በመካከላቸውም አንድ ስምምነት አደረጉ፦ ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቀምሰው ሴድሪክ ነው፣ የቀመሰውንም ለሷ ይነግራታል። ስለዚህ ቤት ዳግመኛ ሊጽፍ እንደማይችል ያውቃል፤ የሚቀምስበትን ቤት የሚያሞግስ ሰው ማን ያምነዋል?

የቀድሞዎቹ አልቀው አዲሶቹ በርሜሎች ረቡዕ ወረዱ። በርሜል ከወረደ በኋላ ሁለት ቀን ሳይነካ መተኛት አለበት፤ አርብ ይደርሳል፣ ተቆጣጣሪዋም የምትመጣው አርብ ነው። ሁሉም በልክ በልኩ ነበር። ሆኖም ሚስ ፖምፍሬት የተባለችው ተቆጣጣሪ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከች አለች።

«አንድ ቀን ቀደም አልኩ፤ አስቸገርኩ መሰለኝ» አለች።

«ኧረ ምን ችግር አለ!» አለች ግሌኒስ፤ ይሉኝታ እንዲህ በአንድ ቀን የሚለቅ በሽታ አይደለም። ቤቱ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ሰው ነበር፣ ነገሩን ሰምተው ቤቱን ለመሙላት የመጡ። ግሌኒስ ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱን ለሚስ ፖምፍሬት፣ አንዱን ለሴድሪክ። ለዓይን ጠርቷል፣ አረፋውም ቆሟል።

ሴድሪክ ቀመሰ። ቧንቧው ንጹሕ ነው፤ ቢራው ግን ጥሬ ነው። ያልደረሰ ጠላ የቀመሰ ያውቀዋል።

አሥራ አምስት ሰው አፍ አፉን ያየዋል። ግሩም ነው ቢል ምናልባት ሴትዮዋም በይሉኝታ ግሩም ብላ ትፈርማለች፣ ግሌኒስም ከቤቷ አትወጣም። እውነቱን ቢናገር በገዛ አፉ ሊያስወጣት ነው። ግሌኒስ ግን ሌላውን ሁሉ ትታ እሱን ብቻ እያየች ነበር፤ በምላሷ ምትክ የቆመ ሰው እሱ ነው።

«ግሌኒስ» አለ፣ «አልደረሰም። ነገ ነው የሚደርሰው።»

ሚስ ፖምፍሬት ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ ልታደርስ ስትል ግሌኒስ እጇን ዘርግታ ነጠቀቻት። ገንዳው ውስጥ ደፋችው። ከዚያ መቅጃው ላይ ያለችውን የቢራውን ስም የያዘች ሰሌዳ ፊቷን አዞረቻት፤ ይህ በዚህ አገር መጠጥ ቤት ሁሉ «አይሸጥም» ማለት ነው።

«ይቅርታ ሆዴ» አለች። «በዚህ ቤት ያልደረሰ ቢራ ከእንግዲህ አይጠጣም። ቤቱን የምትዘጉት ከሆነም ዝጉት። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

ሚስ ፖምፍሬት ባዶ እጇን ትንሽ ተመለከተች።

«በዚህ ወር አሥራ አንድ ቤት ገብቻለሁ» አለች። «የአራቱ ቢራ አይጠጣም ነበር። ሁሉንም ግሩም ነው እያልኩ ጠጣሁት። ነጥቀው የወሰዱብኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።» ቦርሳዋን አነሳች። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ።»

አርብ መጣች። አንድ ጠጣች፣ ሁለተኛ ቅጂልኝ አለች፣ «ግሩም ነው» አለች፣ ወረቀቷን አውጥታ የሁለት ዓመት ውል ፈረመች። ግሌኒስ ግን ወደ ወረቀቱ አላየችም፤ ወደ ሴድሪክ ዞረች።

«እውነቷን ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ ሴድሪክ። «አራት ብርጭቆ የሚገባው ቢራ ነው።»

«አምስተኛውስ?»

«የሽንት ቤትሽ በር አይዘጋም። በእግሬ ይዤ ነው የምቀመጠው።»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ሆነ። ግሌኒስም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሕዝቡን ቃኘችው።

«እሺ፣ ጉደኞች! ሌላስ? ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል? ዛሬ ተናገሩ፤ ነገ ብትናገሩ አልሰማም!»

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ «የሥጋ ኬክሽ ቅርፊት ጥርስ ይሰብራል» አለች። «የጥጉ ወንበር እግሩ ያነክሳል» አለ ሌላው። «ሬዲዮው ሁልጊዜ አንድ ጣቢያ ላይ ነው!» «ውሻሽ እግሬ ላይ ነው የሚተኛው!» አፍ ሁሉ ተፈታ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል፣ እሷም «እሺ! እሺ! ደግሞስ?» እያለች በጣቷ ትቆጥራለች፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ኔቪል ብቻ አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀመጠና ቆመ። ረጅም ስለሆነ ሲቆም ሰው ዝም ይላል።

«ሞሪስ ናፍቆኛል» አለ።

ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያን ስም በዚያ ቤት የጠራው ሰው አልነበረም። እንዳያስለቅሷት ብለው ነው። ሁሉም አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱም ኔቪልን ተቆጥቶ አየው።

ግሌኒስ መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «የረሳችሁት መስሎኝ ነበር።»